የቆመችው ነጥብ

ሚጣ አርባ ዓመቷን ደፍናለች፤ ከግንባሯ በላይም ሽበት ጣል ጣል ብሎባታል። ለቤተሰቡ ግን ያው ሚጣ ናት፤ የልጅነት ስም አንዴ ከተጣበቀ በምን ይነሳል? ታላቅ እህቷ በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባም የጠራቻት በዚሁ ስም ነው።

«ሚጣዬ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«እንዲህ ብለሽ ከጀመርሽማ ተቆጥቻለሁ ማለት ነው። ባልሽ ምን ፈልጎ ላከሽ?»

እህትየዋ አቅፋ ያመጣችውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አቧራ የነካውን እጇን አራገፈች። በላብ ወርዝታለች። ከታክሲ ወርዳ ያን ሁሉ ደረጃ ተሸክማው መውጣቷ ነው። ባሏ ሁለት መኪና በር ላይ አቁሞ እሷ በታክሲ ነው የምትንከራተተው፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ የባሏ መኪና ውስጥ አትገባም፤ ያቅለሸልሸኛል ትላለች። ሚጣ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እታለም ነው የምትላት። እናታቸው ሥራ ስትውል ያጠበቻት፣ ያበጠረቻት፣ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት እታለም ናት።

የእታለምን ባል ግን ሚጣ በስሙ መጥራት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አፈ ቅቤ ነው የምትለው። ሲናገር እውነትም ይቀልጣል፤ ዝናብ እየዘነበ ውሃ ይሸጥልሃል።

«የአምቡላንስ ድርጅቱ ፕሮግራሙን ሊገዛ ነው» አለች እታለም። «ለመኪኖቻቸው በሙሉ። ሐሙስ ሰዎቹ ፊት ሠርቶ ማሳየት አለበት። ፕሮግራሙ ደግሞ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ቀጥ ይላል። የቀጠራቸው ልጆች ሞክረው ሞክረው አቃታቸው።»

«እሰይ፣ እንኳን አቃታቸው።»

«ያልተነካካው ፕሮግራም ያለው በአሮጌዋ መኪና ኮምፒውተር ላይ ነው አሉ። መኪናዋ ስትሸጥ ዕቃ ቤት ተጥሎ ነበር። ይኸው አመጣሁልሽ። አንድ ቀን ብቻ ነይለት ሚጣዬ። ለእኔ ስትዪ።»

«ለአንቺ ስል ዝም ብያለሁ። እሱ አልበቃም?»

እታለም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስታፍር ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ከዚያ ካርቶኑን እዚያው ትታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሚጣ ዝም ያለችበት ነገር ይህ ነው። መኪና ጣራ ላይ ከሳተላይት ቦታን የምትቀበል ትንሽ አንቴና ትገጠማለች፤ አንቴናዋም መኪናው ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ጋር ትያያዛለች። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንቴናዋ የምታነጋግረው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ካርታው ከያዛት የጥሪ ማዕከሉ ፕሮግራም መኪናው የት እንዳለ አያውቅም፤ የጥሪ ማዕከሉ ከቀደመ ደግሞ ካርታው ባዶ ይሆናል። ሾፌሮች አንዱን ዘግተው ሌላውን ሲከፍቱ ከእግረኛ ጋር ሊጋጩ ነው። ሚጣ መሃል ገብቶ ከአንቴናዋ የሚቀበልና ለጠየቀው ሁሉ እኩል የሚያድል ፕሮግራም ጻፈች። አካፋይ አለችው። ለካርታው ይሰጣል፣ ለጥሪ ማዕከሉ ይሰጣል፣ መኪናው ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ስልክ እንኳ ይሰጣል። ከእሱ የሚጋሩትንም ማያ ገጹ ላይ በቀኝ በኩል በየስማቸው ያሳያል።

መጀመሪያ የሞከሩት በአፈ ቅቤ አሮጌ መኪና ላይ ነበር። ያኔ ፍቅር ነበሩ። እታለም መንገድ የሚባል ነገር አይገባትም፤ የገዛ ሰፈሯ ውስጥ የምትጠፋ ሴት ናት። ስለዚህ ሚጣ እየሳቀች የእህቷን ስልክ ከአካፋይ ጋር አያያዘችላት። ወደ መኪናው በገባች ቁጥር ስልኩ ራሱ ይያያዛል፣ ስትወርድ ይለቃል፤ ከመኪናው በር የሚያልፍ ነገር የለውም። ስሙንም ሌላ አላወጣችለትም፤ «እታለም» ብላ ጻፈችው። ሥራውን እሷ ልትሠራ፣ አፈ ቅቤ ሊሸጥ፣ ትርፉን እኩል ሊካፈሉ በቃል ተስማሙ። ቤተሰብ ናቸው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል!

ከዚያ እናታቸው ታመመች። እማዬ የምትኖረው እታለም ቤት ነበር፤ ሚጣ ደግሞ በሌላ ከተማ ለአንድ የጭነት ድርጅት አካፋይን ስትገጥም ነበረች። በስልክ ተጠርታ እየበረረች ስትመጣ እማዬ አስከሬን ክፍል ገብታለች። አፈ ቅቤ እያለቀሰ ነገራት። እታለም ካርድ ልታወጣ በታክሲ ቀድማ ወደ ሆስፒታል ሄደች፤ እሱ እማዬን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ተከተለ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ መንገዱ ለጥገና ተዘግቶ መውጫ አጣ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለ። ሚጣ አማቿን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። አሁን ያን ስታስታውስ ትከሻዋ ይቀፋታል።

ሐዘኑ ሳይበርድ አካፋይ በአፈ ቅቤ ስም ብቻ ምዝገባ ቢሮ መመዝገቡን ሰማች። የተመዘገበበትም ቀን እማዬ የሞተችበት ቀን ነው። በማለዳ ነው የጨረስኩት አላት። «ደግሞስ የቤተሰብ ነገር፣ በማን ስም ቢሆን ምን ለውጥ አለው?» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ለውጥ ነበረው፤ በወሩ የሥራ ቢሯቸው ቁልፍ ተቀየረ። ልትከሰው ትችል ነበር። ነገር ግን እታለምን ፍርድ ቤት በር ላይ፣ በባሏና በእህቷ መሃል ማቆም አልሆነላትም። ዋጥ አደረገችው። የዋጠችው ግን አልፈጭ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ያቃጥላታል።

ካርቶኑን ልትጥለው ነበር። እስከ ደረጃው ድረስ ይዛው ወጥታ ተመለሰች፤ የገዛ እጇ ሥራ ነዋ። ገመዱን ሰክታ ስታበራው ኮምፒውተሩ እንደ ሽማግሌ አጉረምርሞ ተነሳ።

ሙያው የራሱ ዘዴ አለው። አካፋይ የሚሞከረው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰማይ አይታይም፤ አንቴናዋ ከኮንክሪት ሥር ዕውር ናት። ስለዚህ ሚጣ አካፋይ እያንዳንዱን ጉዞ እንዲቀዳ አድርጋዋለች። ቢሮ ተቀምጠው የተቀዳውን ሲያጫውቱት ፕሮግራሞቹ ሁሉ መንገድ ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። አፈ ቅቤም ለገዢ የሚያሳያት አንዲት የተቀዳች ጉዞ አለችው፤ ከአደባባዩ እስከ ስታዲየሙ፣ ቀጥ ያለች፣ ያማረች። እሱ ራሱ ሲነዳም እንደሚቀዳ ግን አንድ ቀን አስቦ አያውቅም። ለመሸጥ እንጂ ለማወቅ መቼ ጊዜ ነበረው!

ጉዞዎቹ በየቀናቸው ተቀምጠዋል። እማዬ የሞተችበት ቀንም አለ።

ሚጣ ከፈተችው። አካፋይን አስነስታ በሥርዓቱ ለማጫወት ትዕግሥት አልነበራትም፤ ጉዞውን ብቻ ነጥቃ ተራ ካርታ ላይ ጣለችው። ቀይ ነጥብ ከእታለም ቤት ወጣች። ዋናውን መንገድ ያዘች። ድልድዩ ጋ ደረሰች፤ ነጥቧ ድልድዩን ፍስስ ብላ ተሻገረች። መንገዱ ክፍት ነበር። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባት ወደ ግራ ታጠፈች፣ ሁለት መንደር አልፋ አንድ ሕንፃ ፊት ቆመች። ሚጣ ያን ሕንፃ ታውቀዋለች። ምዝገባ ቢሮው ነው።

ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሏት መታ መታ አደረገችው። አልተበላሸም። የቆመ መኪና ነጥብ ጨርሳ አትረጋም፤ የሳተላይቱ ነገር ሆኖ ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች። ይህን ከሚጣ በላይ የሚያውቅ የለም። የዚያን ቀን ግን የእማዬ ትንፋሽ መሰላት። ነጥቧ እዚያው ቆማ ስትርገበገብ፣ እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ተመለከተቻት። የተነቃነቀችው ሚጣ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ነው።

ደሟ ፈላ። የእጇን ሥራ ሊሰርቃት ገብቶ እናቷን በር ላይ አስጠበቃት! ፊርማውን አሳምሮ፣ ማኅተሙን አስመትቶ፣ እየተሽቀረቀረ ወጥቶ፣ ከዚያ መንገድ ተዘጋ ብሎ ትከሻዋ ላይ አለቀሰ! ልትገድለው ፈለገች። በእውነት ፈለገች፤ እንዴት እንደሚሆን ሁሉ አሰበች። ስትበርድ ግን ሞት እንደሚያንሰው ገባት። መዋረድ አለበት። አፉ በሚኖርበት ቦታ፣ በገዢ ፊት፣ አፉ መያዝ አለበት። እታለምም ማየት አለባት። ጓዳ ውስጥ ብትነግራት ጓዳ ውስጥ ያቀልጠዋል። በዓይኗ ካየች ግን አብራው አታድርም። ሚጣ የምትፈልገው ሌላ አልነበረም፤ እሱን ከእህቷ ቤት አውጥታ መጣል።

ስልኳን አነሳች። «እመጣለሁ» አለች። «ግን አንቺም ትመጪያለሽ።»

«እኔ?» የእታለም ድምፅ ቀነሰ። «እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ባልሽ ሲጨበጨብለት ታያለሽ። ካልመጣሽ አልመጣም።»

«ሚጣዬ...»

«ቆርጫለሁ።»

እስከ ሐሙስ ድረስ አካፋይን ጠገነችው። በደንብ ጠገነችው፤ ለበቀልም ቢሆን የተዝረከረከ ሥራ አትወድም። ያቺን ያማረች የአደባባይ ጉዞ አውጥታም በቦታዋ የእማዬን ቀን አስገባች፤ ደግማ ልታየው ግን አልደፈረችም።

ማሳያው የተዘጋጀው ከአምቡላንሶቹ ጋራዥ በታች ባለ ምድር ቤት ነበር። ክፍሉ ጎማና የሆስፒታል መድኃኒት ይሸታል። ሦስት ኮምፒውተሮች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ካርታ፣ አንዱ የጥሪ ማዕከል፣ አንዱ ሰዓት የሚመዘግብ። አካፋይ ራሱ ነጭ ግድግዳ ላይ በሰፊው ተንጣሏል። ከፊት ዋና ሥራ አስኪያጇ ተቀምጣለች፤ ነርስ የነበረች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቆፍጣና ሴትዮ። ከኋላ ሾፌሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እታለም ጥግ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ።

«የኔ እህት!» ብሎ አፈ ቅቤ እጁን ዘርግቶ መጣ። «አውቅ ነበር እኮ! ደም አይጨክንም!»

«አይጨክንም» አለች ሚጣ፤ እጇንም ከገመዱ አላነሳችም።

ሰውየው ንግግሩን ጀመረ። መቼም ይናገራል! «ለእናንተ ደቂቃ ማለት ነፍስ ናት» አለ። «እኔ ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ በቤቴ አይቼዋለሁ። አማቴን፣ እንደ እናቴ የማያትን ሴት፣ በተዘጋ መንገድ ምክንያት ከእጄ ላይ ነው ያጣኋት። ያን ዕለት እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ...» ድምፁ ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጇ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። እታለም አቀረቀረች።

ሚጣ ጥርሷን ነከሰች። እማዬን ለሽያጭ አቀረባት! እስከዚያች ሰዓት ድረስ የቀረቻት ትንሽ ርኅራኄ ብትኖር እንኳ በዚህ ተሟጠጠች።

«በይ እህቴ፣ አሳይልን» አለ አፈ ቅቤ።

ነጥቧ ከእታለም ቤት ወጣች። ሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ እኩል ወጣች፤ ሾፌሮቹ ተገረሙ። አፈ ቅቤ እያየ ፈገግ ሊል ሲል ከንፈሩ እዚያው ቀረ። «ይሄ... የለመድነው አይደለም» አለ።

«አዲስ ነው» አለች ሚጣ። «የለመድነውን ማን ይወዳል?»

ነጥቧ ድልድዩን ተሻገረች። አፈ ቅቤ ክው አለ። ወደ ግራ ታጠፈች፤ ቆመች፤ ትርገበገብ ጀመር።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«አልተበላሸም። ሾፌሩ ጉዳይ ነበረው።»

«ባዶውን ነው?»

«በሽተኛ ይዞ።»

ከኋላ አንዱ ሾፌር ሳቀ። «እኛ እንዲህ ብናደርግ ቆዳችን ይገፈፋል» አለ።

«በዚያው ቀን ነው የማባርረው» አለች ሥራ አስኪያጇ ቆጣ ብላ። «ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

«ይኸው አጠገብሽ ቆሟል» አለች ሚጣ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመው ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «መኪናው የእሱ ነው። በሽተኛዋ እናቴ ናት። መንገዱ አልተዘጋም፤ ድልድዩን ሲያልፍ አይታችኋል። የቆመበት ሕንፃ ምዝገባ ቢሮ ነው፤ እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም በስሙ ለማድረግ ገብቶ እናቴን በር ላይ አስተኝቷታል። አሁን ሊሸጥላችሁ የመጣው እሱኑ ነው።»

አፈ ቅቤ እንደ ጅብራ ተገተረ፤ ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። የሚጣ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ለዚህች ደቂቃ ስትል ስንት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ኖራለች! ዘወር ብላ እህቷን ፈለገች፤ የእታለምን ፊት፣ ባሏን ስታውቀው ማየት ፈለገች።

እታለም ባሏን አላየችም። ነጥቧንም አላየችም። የምታየው ግድግዳውን፣ በቀኝ በኩል ያለውን ነው።

ሚጣም አየች። አካፋይ ጉዞ ሲያጫውት በዚያ ጉዞ ላይ የነበሩትን ተጋሪዎች አብሮ ያሳያል። ራሷ ናት እንዲህ ያደረገችው፤ የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደወደቀ ለማወቅ ስትል። ቤቷ ሆና ተራ ካርታ ላይ ስታይ ይህ አልነበረም፤ በንዴቷም ትዝ አላላትም። ከካርታውና ከሰዓት መዝጋቢው በታች፣ በፈዘዘ ቀለም፣ በራሷ እጅ የተጻፈ ሦስተኛ ስም ተቀምጧል፤ እታለም።

ከመኪናው በር የማያልፍ ነገር።

ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አደረገች። «ቆይ፣ ያ ሦስተኛው ምንድን ነው? ሌላ ሰው ነበረ እንዴ መኪናው ውስጥ?»

አፈ ቅቤ ግድግዳውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ሚጣን አየ። ላቡ ከጆሮ ግንዱ ይንቆረቆራል። «የሙከራ ስም ነው» አለ። «ማንም አልነበረም። ብቻዬን ነበርኩ።»

ያን ሁሉ ዘመን ከዋሸው ውስጥ ሚጣ እውነት እንዲሆን የተመኘችው ይህን ብቻ ነው። «የሙከራ ስም አይደለም» ልትል ትችላለች፤ ከሦስቱ በስተቀር የሚያውቅ የለም። አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው። ጥላቻዋ አልበረደም፤ የምታስቀምጥበት ቦታ ግን ጠፋት። በልጅነቷ ጸጉሯን እያበጠሩ ያባብሏት የነበሩት እጆች ጥግ ላይ ቦርሳውን ጨብጠው ነጭ ሆነዋል።

«የእኔ ስልክ ነው» አለች እታለም።

«ተይ» አላት ባሏ።

«የእኔ ነው።» ተነሳች። የምታናግረው ሚጣን ብቻ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሌለ ይመስል። «ቢሮው ሊዘጋ ነው፣ መዝጋቢው ከነገ ጀምሮ ዕረፍት ይወጣል፣ ቶሎ እወጣለሁ አለኝ። ያንቺ ነገር እንደሆነ አውቅ ነበር ሚጣዬ። ለልጆቼ ብዬ ግባ አልኩት። እማዬ ጭኔ ላይ ነበረች። ስታቃስት ቆይታ ዝም አለች፤ እንቅልፍ የወሰዳት መሰለኝ። ደስ አለኝ። የመንገዱ ጫጫታ እንዳይቀሰቅሳት ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት።»

ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ ያዘችው።

ያኔ ግድግዳው ላይ ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። ከሕንፃው ፊት ለቃ ወደ መጣችበት ዞረች፤ ሁለቱን መንደሮች መልሳ አለፈች፤ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። አሁን ትፈጥናለች። ሚጣ ማየት አቃታት፤ ልታጠፋው እጇን ወደ ገመዱ ሰደደች።

«ተያት» አለች እታለም። «ትድረስ።»

ሚጣ እጇን መለሰች። ሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ነጥቧ እኩል መሄዷን ቀጠለች።